አበበ ጫማ እንጂ አሰልጣኝ አላጣም

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከድሉ ጋር አንድ ተረት አብሮ ይዞራል። አፍሪካዊ ሲፈጠር ሯጭ ነው፣ ጫማ ያላበላሸው እግር አሯሯጥ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል የሚል ተረት።

ተረቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በምዕራቡ ዓለም ገበያ ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2009 የክሪስቶፈር ማክዱጋል «ቦርን ቱ ራን» መጽሐፍ ብዙዎችን ጫማ አስወለቀ። በማግስቱ ዓመት የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ«ኔቸር» መጽሔት ጥናት አወጡ። በኬንያ በባዶ እግራቸው ሮጠው ያደጉ ሰዎች በአብዛኛው በእግራቸው የፊት ክፍል ያርፋሉ፤ ጫማ የለመዱት ደግሞ በተረከዛቸው። በፊት እግር ማረፍ ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ግጭት ያስቀራል። ጥናቱ ይህን ሲል፣ ገበያው ግን «ጫማህን አውልቅ፣ የቀረውን ተፈጥሮ ያስተምርሃል» ብሎ ተረጎመው።

ክርክሩ ባዶ አይደለም። ውስጥ እግር በነርቭ የተሞላ ነው። አስፋልት ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ተረከዙን በኃይል የጣለ ሰው ሁለተኛውን እርምጃ እንደ መጀመሪያው አይጥልም። ወፍራም ሶል የሚደብቀውን ስህተት መሬት ወዲያው ይናገራል። ታዲያ መሬት እያስተማረ አሰልጣኝ ምን ይሠራል?

መልሱ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ተገኝቷል። ዳሰነቾች በኦሞ ወንዝ ታችኛው ተፋሰስና በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ፣ በኢትዮጵያም በኬንያም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በኬንያ በኩል ያሉ፣ ባዶ እግር የለመዱ 38 ዳሰነቾችን አስሮጦ ተመለከተ። ለረጅም ርቀት በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ ከእርምጃቸው 72 በመቶው በተረከዝ ያረፈ ነበር። ፍጥነት ሲጨምሩ የተረከዙ ድርሻ ቀነሰ። እንግዲህ ባዶ እግር ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጥም። ፍጥነቱ፣ መሬቱና የኑሮ ልማዱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሌላው ችግር የጊዜ ነው። ሕፃን በባዶ እግሩ ሲያድግ አጥንቱና ጅማቱ በዓመታት ይጠነክራሉ። በአርባ ዓመቱ ቢሮ ተቀምጦ የከረመ ሰው ግን ጫማውን በአንድ ጠዋት ያወልቃል። እዚህ ላይ ሕመም ጥሩ መምህር አይደለም፤ ቆዳ ወዲያው ይጮኻል፣ አጥንት ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የሚሰነጠቀው። በአሜሪካ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሯጮችን በ10 ሳምንት ውስጥ ወደ ስስ ጣታም ጫማ ሲያሸጋግሩ፣ ከ19ኙ 10ሩ ላይ በእግር አጥንት ውስጥ የጉዳት ምልክት የሆነ እብጠት ታየ። የዚያ ጫማ አምራች ቪብራም እ.ኤ.አ. በ2014፣ ጫማው ለጤና ይበጃል ብሎ ባስተዋወቀው ጉዳይ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ስለዚህ ባዶ እግሩን ለመሮጥ የሚነሳ አዋቂ መማር አለበት። የሚማረው ግን «በጣትህ እረፍ» የሚል ቀኖና አይደለም፤ ዳሰነቾች ያንን አፍርሰውታል። የሚጠቅመው ትምህርት ቀላል ነው፦ እርምጃን ማሳጠርና ማፍጠን፣ እግርን ከፊት አርቆ ሳይሆን ከሰውነት ሥር ማሳረፍ፣ ትከሻን ማላላት፣ በጥቂት ደቂቃ ጀምሮ በወራት ማሳደግ፣ ባት ሲያምም ማቆም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው፤ እሱን ደግሞ መሬት አያስተምርም።

አበበም ለተረቱ አይመችም። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሥር በጫማም ያለ ጫማም ሠልጥኗል። በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው ነው። ባዶ እግሩን መሮጥ የተለማመደበት ነገር ስለነበር አላስደነገጠውም። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ምስጢሩ ባዶ እግር ቢሆን ኖሮ በጫማ ሦስት ደቂቃ ባላሻሻለ ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያ የታሪክ ክርክር ብቻ አይደለም። «ተፈጥሮ ነው» ሲባል የአሰልጣኙ ድካም፣ የልምምዱ ጠዋት፣ የሯጩ እልህ ይሰረዛል። ከገጠር የመጣ ባለተሰጥኦ ልጅም «እሱ ምን ማስተማር ያስፈልገዋል» ተብሎ ያለ ጥሩ አሰልጣኝና ያለ ሜዳ ይቀራል፤ ሲጎዳ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል።

ከዚህም የከፋ አለ። በቀይ አፈር ደጋማ አካባቢዎች ለዓመታት በባዶ እግር የሚያርስ ገበሬ እግሩ በፖዶኮኒዮሲስ ያብጣል። በሽታውን የሚከላከለው ጫማና እግርን መታጠብ ነው። ለእሱ ባዶ እግር ፋሽን ሆኖ አያውቅም። የባዶ እግርን ውበት የሚሰብክ ሁሉ ጫማውን የሚያወልቀው ቤቱ ሌላ ጫማ ስላለው መሆኑን ቢያስብ ይበጃል።

መሬት ያስተምራል፤ ማንም አይክድም። ክፍያውን ግን በአጥንት ይቀበላል። ልጁ ያንን እንዳይከፍል ጫማም አሰልጣኝም ይገባዋል።