ስድስት ሹል ለአንድ ዓሣ?

መቼም ዓሣ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ምግቡ ነው፤ ጉላሹ፣ ዱለቱ፣ ኮተሌቱ… በተለይ በጾም ሰሞን። ዓሣ አጥምዶ መልሶ ውኃ ውስጥ መልቀቅ የሚባለውን መዝናኛ ደግሞ "የፈረንጅ ሥራ ፈትነት" ብለን እናልፈዋለን። እኔ ዛሬ በዚሁ "ሥራ ፈትነት" ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስለ መንጠቆው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖፐር የሚባል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ አለ። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል፤ ትንሽ ዓሣ ይመስላል፤ ፊቱ እንደ ሲኒ የጎደጎደ ነው። አጥማጁ አርቆ ይወረውረውና ዘንጉን በኃይል እየሳበ ውኃው ላይ ያስኬደዋል። የጎደጎደው ፊት ውኃውን በመታ ቁጥር "ቧ!" የሚል ድምፅና አረፋ ይወጣል። ከሥር ያለው ትልቅ ዓሣ በጭንቅ ላይ ያለ ትንሽ ዓሣ ይመስለውና ሽቅብ ተወርውሮ ይነክሳል። ሁሉም ነገር በዓይን እየታየ ስለሚሆን ልብ ያቆማል ይላሉ፤ እኔም አምናለሁ።

የዚህ ጨዋታ ንጉሥ ጃያንት ትሬቫሊ የሚሉት ዓሣ ነው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ሃዋይ ድረስ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን ቶካራ ደሴቶች የተያዘው 72.8 ኪሎ ይመዝን ነበር። ቢቢሲ በ2017 "ብሉ ፕላኔት 2" በተባለው ፊልሙ ይኸው ዓሣ በሲሸልስ ከውኃ ዘልሎ የባሕር ወፍ ከአየር ላይ ሲቀልብ አሳይቶናል።

እንግዲህ ለዚህ ፍጡር የተዘጋጀለትን ተመልከቱ። ብዙ ፖፐሮች ላይ ሁለት መንጠቆ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ከሆዱ፣ አንዱ ከጭራው። እያንዳንዱ ባለሦስት ሹል ሲሆን በድምሩ ስድስት ይሆናል! በዚያ ላይ ሹሎቹ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ ስላላቸው ከገቡ በኋላ ሥጋ ሳይቀዱ አይወጡም። ዓሣው በአንዱ ተይዞ ሲወራጭ ሌላው ዓይኑን ወይም ስንጥቡን ሊወጋው ይችላል። ከዚያ በጉጠት እየታገሉ ሲነቅሉለት ትንፋሽ አጥሮት ይቆያል፤ ፎቶ ይነሳል፤ "ለቀቅነው" ይባላል። የተለቀቀው ሁሉ ይተርፋል ያለው ማነው?

መፍትሔው ያን ያህል አይከብድም። ባለሦስቱን አውልቆ እሾህ የሌለው ባለ አንድ ሹል መንጠቆ መግጠም ነው። እሾሁን በጉጠት ጨፍልቆ ማጥፋትም ይቻላል። ቁስሉ ያንሳል፤ መንቀሉ ይፈጥናል፤ ጀልባ ላይ የሚወራጭ ዓሣ የአጥማጁን እጅ የሚወጋበት ዕድልም ይቀንሳል።

"ያመልጠናላ!" የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ያመልጥ ይሆናል። ግን ክሩን ሳያላሉ የያዘ ሰው እሾህ በሌለው መንጠቆም ትልቅ ዓሣ ያወጣል። ደግሞስ ሊለቁት የያዙት ዓሣ ትንሽ ቀድሞ ቢያመልጥ ምን ጎደለ? ልብ የሚያቆመው ንክሻው ከሆነ እሱን አይተውታል።

በዓሣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አጥማጅ ሌላ ሒሳብ አለው፤ ቅሬታዬ አይመለከተውም። ለደስታው የሚያጠምድ ሰው ግን ለዚያ ደስታ ሌላ ነፍስ የምትከፍለውን ዋጋ የመቀነስ ግዴታ አለበት ባይ ነኝ። አስጎብኚዎች "በጀልባችን ባለሦስት ሹል አይገባም" ቢሉ፣ አምራቾችም ፖፐሩን ከመጀመሪያው ባለ አንድ ሹል አድርገው ቢሸጡት፣ ነገሩ ባንድ ሰሞን ይለመዳል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር እንሰንብት!