ከ28ኛው ቀን በፊት

አንዳንድ ወገኖች «ለአገራችን የሚያስፈልጋት ወባንና ሳንባ ነቀርሳን የሚያክም ሐኪም ነው፤ በሴል ገጽ ላይ ስላለ ፕሮቲን መመራመር የባለጸጋ አገሮች ቅንጦት ነው» ሲሉ ይሰማል። የሕክምና ተማሪ እንደመሆኔ መጠን በዚህ አስተሳሰብ አልስማማም። ምክንያቴን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

የጽንስ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሲጀመሩ ዝርግ ሽፋን ናቸው። ሽፋኑ ታጥፎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ተጋጥሞ ቱቦ ይሆናል። ይህም የሚጠናቀቀው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያ ወቅት ሴሎች በፍጥነት ስለሚባዙ ፎሌት የተባለውን ቪታሚን አብዝተው ይሻሉ። ቪታሚኑን ይዘው ወደ ውስጥ ከሚያስገቡት አንዱ በሴሉ ገጽ ላይ የተተከለው የፎሌት ተቀባይ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት፣ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች ዕድገታቸው ተሰናክሎ በማህፀን ሞቱ፤ ለእናቶቻቸው የፎሌት ዓይነት ተጨማሪ ሲሰጥ ግን ለመወለድ በቁ።

በሰውም ቢሆን፣ በ7 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ቀደም ሲል ቱቦው ያልተዘጋ ልጅ ያረገዙ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉዳቱ የመደገም ዕድሉ በ72 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጉዳቱ ሁሉ ከፎሌት እጥረት ይመጣል ማለቴ አይደለም፤ ሊወገድ የሚችለው ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። እናቲቱ ማርገዟን ዐውቃ ጤና ጣቢያ ሄዳ ኪኒን እስክትቀበል ድረስ 28ቱ ቀን ያልፋል። ጀርባው ተከፍቶ ለተወለደው ሕፃን ቀዶ ሕክምና ቁስሉን ይዘጋለታል፤ የተጎዳውን ነርቭ ግን አይመልስለትም። ስለዚህ ቪታሚኑ አስቀድሞ በገበታዋ ላይ መገኘት አለበት።

ኦማን እ.ኤ.አ. በ1996 ፎሊክ አሲድን በስንዴ ዱቄት ውስጥ መጨመር ጀመረች። የእኛ ገበሬ ግን የራሱን ጤፍና ማሽላ አስፈጭቶ ስለሚበላ የፋብሪካ ዱቄት ብቻውን አይደርስለትም። ጨው ግን የማይገዛ ቤት የለም። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ተወስኗል፤ ፎሊክ አሲድም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ይህ ደግሞ የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም። ኬሚስትሪ፣ ምህንድስናና ንግድ የምታጠኑ ወገኖች፣ ጨዉን የሚያዘጋጀውና የሚያከፋፍለው የእናንተ ሙያ ነውና በሚቀጥለው እትም ሐሳባችሁን አካፍሉን።