ማርጀት መብሰል አይደለም

አብደራፊ ላይ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ተሸጦ፣ ብሩ ኪስ ሲገባ የሰርግ ወሬ ይጀመራል። ለጥር የሚደግስ አባወራ ከጠላውና ከጠጁ ጎን ለክብር እንግዳ የሚቀርብ የፈረንጅ ቀይ ወይን ያምረዋል። ሻጩም ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ ጠርሙስ ያወርድና "ይሄ የቆየ ነው፤ ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል" ይላል። ዋጋው በአቧራው ልክ ይጨምራል።

አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ገንዘብ የሚያስከፍለው ሌላው ግማሽ ነው።

እውነቱን ከደቡብ ፈረንሳይ እንየው። በሮን ወንዝ አካባቢ ቀይ ወይን በአብዛኛው የሚሠራው ከብዙ ዓይነት ወይን ተቀይጦ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. በሕግ ስሙ የተጠበቀለት ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ 13 ዓይነት ወይን ይፈቅዳል። ግሬናሽ የሚባለው ጣፋጭነትና ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ አየርም ቶሎ ይጎዳዋል። ሲራ ቀለምና የቁንዶ በርበሬ ጠረን ይጨምራል። ሙርቬድር ደግሞ አየርን ይቋቋማል፤ ዕድሜ የሚሰጠውም እሱ ነው። የጠጅ ጣይ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ማር ብቻውን ጠጅ አይሆንም፣ ጌሾ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ቅይጥ 10 ዓመት ሲያልፈው ደማቁ ቀይ ወደ ሸክላ ቀለም ይዞራል። እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚያደርቀው ጥብቀት ይለሰልሳል። የትኩስ ፍሬው ጠረን ለደረቀ በለስ፣ ለቆዳና ለደረቀ ቅጠል ቦታውን ይለቃል። መብሰል ማለት ይህ ነው።

ግን የት ተቀምጦ? ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ በሚሆን፣ ከፍ ዝቅ በማይል ቅዝቃዜ። አብደራፊ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ወይን አይበስልም፤ ይቀቀላል። ሙቀቱ ቡሹን ይገፋዋል፣ አየር ይገባል፣ ፍሬው ይሞታል፣ መጨረሻው ወደ ኮምጣጤ ነው። ደግሞም ከዓለም ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ቢቆይ አይሻሻልም።

ስለዚህ ደጋሹ "የቆየ አለህ?" ማለቱን ትቶ "አዲስ የገባ አለህ?" ይበል። ቡሹ ወደ ላይ ከወጣ ወይም አንገቱ ላይ የፈሰሰ ምልክት ካለ ይመልሰው። የዝዋይ ወይንም ቢሆን ለድግሱ ቀን ተቃርቦ ቢገዛ፣ ከተቀቀለ የፈረንሳይ ጠርሙስ ይበልጣል። ጥሩ ጠጅማ ከሁለቱም በፊት የክብር መጠጥ ነበር።

ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ስለከረመ "በሰለ" ብሎ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ አብደራፊ ላይ የለም። በሰሊጡ የማይታለል ገበሬ በወይኑ የሚታለልበት ምክንያት አይኖርም።