የጌታ ፈቃድ ወይስ የመዝገብ ስህተት?

ንባብ፦ ዕዝራ 5፥17 – 6፥5

ዛሬ የምንጽፈው እዚህ አሜሪካ ለምትኖሩ ነው፤ የምንጀምረውም ራሳችንን በመውቀስ ነው።

አንድ ወንድማችን ቤት ሊገዛ ብድር ጠይቆ ተከለከለ። ወደ እኛ መጥቶ “ጌታ በሩን ዘግቶታል” አለን። እኛም “ጊዜው ገና ነው” ብለን አጽናናነው፤ ጸልየንም ሸኘነው። ከወራት በኋላ አንዲት እህት “ክሬዲት ሪፖርትህን አይተኸዋል?” ብላ ጠየቀችው። አላየውም ነበር። ሲያወጣው ያልተከፈለ የመኪና ብድር በስሙ ተመዝግቦ አገኘ። ዕዳው የታላቅ ወንድሙ ነበር። አመልክቶ ተስተካከለለት፤ ያ ቤት ግን ለሌላ ሰው ተሽጦ ነበር። የሰው ስህተት የዘጋውን በር እኛ በእግዚአብሔር ስም አተምነው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

እንዲህ ያለው ስህተት በእኛ ላይ ለመድረስ ቅርብ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ወንድማማቾች ሁሉ በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ ብዙ ጊዜም በአንድ አድራሻ ይኖራሉ። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየወረቀቱ ይለያያል። በስደት ከመጡት ብዙዎች ደግሞ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። የአንዱ ዕዳ ወደ ሌላው ቢገባ ምን ይገርማል?

አንዳንዶች “ስሜ በሕይወት መጽሐፍ ከተጻፈ ይበቃኛል” ይላሉ። ለመዳን በእርግጥ ይበቃል። ጳውሎስ ግን የቅዱሳንን ስጦታ ሲያደርስ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም ስለ ሆነው ነገር ያስብ ነበር (2 ቆሮ. 8፥21)። በዕዝራ ዘመንም ቤተ መቅደሱን የሚሠሩት ሰዎች ማን እንደ ፈቀደላቸው በተጠየቁ ጊዜ የቂሮስን ትእዛዝ ጠቀሱ። የንጉሡ መዝገብ ተመረመረ፤ ትእዛዙም ተጽፎ ተገኘ። ሐጌና ዘካርያስ በዚያው ጊዜ ትንቢት ይናገሩ ነበር። ትንቢቱ መዝገቡን ከመፈለግ አላስቀረም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ታሪካችንን የሚይዙት ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው። አንዱ የያዘውን ሌላው ላይይዝ ስለሚችል የሦስቱንም ማየት ይገባል። አንዩል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ በየሳምንቱ በነጻ ይገኛል። የራስን ሪፖርት ማየት ክሬዲት ስኮርን አይቀንስም። ስምን፣ አድራሻን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን፣ ከዚያም እያንዳንዱን ሒሳብ አንድ በአንድ እንመልከት።

ስህተት ካገኘን ለዚያው ድርጅትና መረጃውን ለሰጠው አበዳሪ በጽሑፍ እናመልክት። ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ቅጂውን እንላክ፤ የላክነውንም እናስቀምጥ። በ1970 በወጣው ሕግ መሠረት ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት፤ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ያልቻለውንም ማረም ወይም መሰረዝ አለበት። ለዚህ ሁሉ ክፍያ የለም። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ካሉን፣ ልጆቻችን አጠገባቸው ተቀምጠው ያንብቡላቸው።

ነገር ግን ዕዳው እውነት የእኛ ከሆነስ? እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። ገንዘብ ተቀብለው ትክክለኛውን ዕዳ ጭምር “እናስጠፋላችኋለን” የሚሉ አሉ። የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉ የክሬዲት አስተካካዮች ሥራውን ሳይጨርሱ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ለእኛ ግን ከሕጉ በፊት ሌላ ነገር አለ፤ የራስን ዕዳ “የእኔ አይደለም” ብሎ መፈረም በሐሰት መመስከር ነው። ያልከፈልነው እውነተኛ ዕዳ በአብዛኛው እስከ 7 ዓመት በሪፖርቱ ላይ ይቆያል። ያሳፍራል፣ ግን አያጠፋንም። ከአበዳሪው ጋር ተነጋግረን ጥቂት በጥቂት እንክፈል። እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ወገን ቢኖር በቤተ ክርስቲያን ሊታማ አይገባም፤ ሊታገዝ ነው የሚገባው።

ለአገልጋዮችም አንድ ቃል አለን። አንድ ምእመን “ተከለከልኩ” ብሎ ሲመጣ “የጌታ ፈቃድ ነው” ለማለት አንቸኩል። አብረነው እንጸልይ፣ ደግሞም “ሪፖርትህን አይተኸዋል?” ብለን እንጠይቀው። ጌታ በር ሊዘጋ ይችላል። ሰው ያጠፋውን ሁሉ ግን በእርሱ ላይ አናሳብብ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።