መቃኞ ሳይሠሩ መቅደስ አይፈርስም

ባለፈው ጥር ወር፣ ከማለዳው ሦስት ሰዓት ገና ሳይሞላ፣ ከኃይሌ ጋርመንት አደባባይ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለአንዲት የማስረጃ ወረቀት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ነጠላቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት በየሩብ ሰዓቱ ወደ መስኮቱ ጠጋ እያሉ «ልጄ፣ ሲስተሙ መጣ?» ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ወጣቷ ሠራተኛም ዓይኗን ከማይንቀሳቀሰው ስክሪን ሳትነቅል «እማማ፣ ገና ነው፤ ትንሽ ይታገሱ» ትላቸዋለች። በሀገራችን ይህ «ሲስተም» የተባለው ነገር እንደ በልግ ዝናብ የሚመጣና የሚቀር፣ ጠባዩ የማይታወቅ ፍጡር ሆኖ መቆጠር ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል።

የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒዩተር ባለሙያ በትውውቅ አግኝቼው ስለ ነበር ምሥጢሩን በዓይኔ እንዳይ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባኝ። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት የተመዘገበውን የሕዝብ ጉዳይ ሁሉ በሆዱ የያዘው ሰርቨር በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ቬንትሌተር ፊት ለፊቱ ይነፍስበታል፤ በግንባሩ ላይ «እንዳይነካ!» የሚል በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። የሚሠራበት ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ከአምራቹ የሚያገኘው መደበኛ ጥገና እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል፤ ገጾቹ በትክክል የሚከፈቱበት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ጡረታ ወጥቷል፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከሄደ ቆይቷል። «ጋሼ፣ ይቺ አንድ ቀን ከጠፋች የምትነሣው በእግዚአብሔር ፈቃድ ብቻ ነው» አለኝ ወጣቱ። ታዲያ ለምን ወደ አዲስ ማሽን አታሻግሯትም ብዬ ብጠይቀው «አዲስ ሲስተም ሊሠራ ጨረታ ይወጣል ስለተባለ ይቺን የሚነካ የለም» ሲል መለሰልኝ። ጨረታው ይወጣል ከተባለ አራት ዓመት ሆኖታል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ መልስ የተወለደ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያረጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ሲነሡ በአለቆችም በባለሙያዎችም አፍ ቶሎ የሚመጣው ፍርድ «ይጣልና እንደ አዲስ ይጻፍ» የሚል ነው፤ ዳሩ ግን የሚሠራን ፕሮግራም ቃሉን ሳይለውጡ ከደከመው ማሽን ወደ ጤነኛው ማሻገር የሚቻል፣ ርካሽና በብዙ ስፍራም ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሪባን የሚቆረጥለት ምረቃ ስለሌለው የሚያስታውሰው አልተገኘም።

አባቶቻችን ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ ሊታደስ ሲል ካህናቱና ምእመናኑ አስቀድመው በአጠገቡ መቃኞ ይሠራሉ፤ ታቦቱ በክብርና በሥርዓት ወደዚያ ይገባል፤ አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ አዲሱ እስኪቆም ዓመታት ቢወስድ እንኳ ቅዳሴው አይታጎልም። ሕንፃው ስላረጀ ታቦቱም ይለወጥ የሚል ካህን አልተሰማም፤ መቃኞ ሳይሠራ መቅደሱን ያፈረሰ ደብርም የለም። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን አዲሱ ሕንፃ በወረቀት ላይ ብቻ እያለ አሮጌው በዝናብ እንዲፈርስ ይተዋል፤ ቅዳሴውም «ሲስተም የለም» በሚል ቃል ሲታጎል ይውላል።

እንደ አዲስ መጻፍ ለምን አደገኛ እንደ ሆነ ለመረዳት በአሮጌው ኮድ ውስጥ ምን እንደ ተቀበረ መመልከት ያሻል። ባለሙያው እንደ ነገረኝ፣ አንድ አቅራቢ ለናሙና ያሳያቸው አዲስ ሲስተም የቀን መቁጠሪያው ዐሥራ ሁለት ወራት ብቻ ነበረው፤ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን ወይ በነሐሴ 30 ወይ በመስከረም 1 እንዲመዘገብ ግድ ይል ነበር። አሮጌው ፕሮግራም ግን፣ መልኩ ምንም ያህል የተጎሳቆለ ቢሆን፣ ባሕረ ሐሳብን ያውቃል፤ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን እንደምትሆን ስለሚያውቅ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6ን ያለ ስሕተት ተሻግሯል፤ የበጀት ዓመት በሐምሌ 1 እንደሚገባ፣ ሰዓታችንም ከንጋት ተነሥቶ እንደሚቆጠር ያውቃል። ይህ ዕውቀት በአንድ ሰነድ ተጽፎ አልተገኘም፤ ባለጉዳይ በተጉላላ ቁጥር አንድ አንድ መስመር እየታከለ በዓመታት ብዛት የተከማቸ ነው፤ ኮዱን የሚጥል ሰውም የማያውቀውን ሕግ ነው አብሮ የሚጥለው።

ማሻገሩ በምን መንገድ ይፈጸማል ለሚል፣ መንገዱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው የአሮጌውን ሰርቨር ሁለንተና፣ ይኸውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ፕሮግራሙንና ዳታቤዙን፣ እንዳለ ቀድቶ በአዲስ ማሽን ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን አድርጎ ማኖር ነው፤ ፕሮግራሙ ቤት መለወጡን ፈጽሞ ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው በአሮጌው ቃልና በአዲሱ መድረክ መካከል አስተርጓሚ ማቆም ነው፤ በዶት ኔት ለዊንዶውስ የተጻፉ የድር ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ ሙሉ ዕትሙ የወጣው ሞኖ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ሰባተኛ ዕትሙ ሲያልፍ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር ይነጋገርባቸው የነበሩትን ጥንታዊ ትእዛዛት ስላስወገደ ብዙ ድረ ገጾች ዲዳ ሆነው ቀርተው ነበር፤ አስተዋይ ባለሙያዎች ግን በሺሕ የሚቆጠሩ መስመሮችን ከማረም ይልቅ፣ አሮጌው ትእዛዝ ሲጠራ በአዲሱ ስም የሚመልስ አንድ ትንሽ ፋይል ጨምረው አዳኗቸው። አይቢኤምም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም/360ን ካስተዋወቀ ወዲህ ተከታታይ ማሽኖቹን የሠራው ለቀደሙት የተጻፈው ፕሮግራም እንዲሄድባቸው አድርጎ ነው፤ ታላላቅ ባንኮች የአያቶቻቸውን ኮድ በልጅ ልጆቻቸው ማሽን ላይ የሚያስኬዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእኛን ሀገር ፈተና ልዩ የሚያደርገው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ልማዱ ጸንቶም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈው ስም በማሽኑ ልብ ውስጥ በላቲን ምልክቶች ቦታ ተቀምጦ በስክሪን ላይ ብቻ የአማርኛ ልብስ ለብሶ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለውን መዝገብ ፎንቱን ትቶ ወደ አዲስ ሰርቨር የሚያሻግር ሰው በማግሥቱ የሚያገኘው ወይዘሮ አልማዝን ሳይሆን የማይነበብ የምልክት ክምር ነው። ስለዚህ ፎንቱ አብሮ ይሂድ፤ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠው ሥራም በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሞከር፤ አማርኛ የሚያነብ ሰውም ከመዝገቡ ጥቂት መቶ ስሞችን ዐይቶ ይመስክር።

ተቃዋሚዬ የሚለውን አልዘነጋውም፤ አሮጌው ፕሮግራም ሲሻገር ቀዳዳውም አብሮት ይሻገራል። እውነት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት ሀገር የዜጎችን ምስጢር በተበሳ ማሰሮ ውስጥ ማኖር ከቶ አይገባም። ዳሩ ግን የተበሳው ማሰሮ ዛሬም በለስላሳው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ በተሻገረ ጊዜ ግን ከበይነ መረብ ጋር በቀጥታ ሳይገናኝ ከአዲስ በር ጠባቂ ሰርቨር በስተጀርባ ሊቀመጥ፣ ቅጂው በየሌሊቱ ሊወሰድ፣ ክፍሎቹም አንድ በአንድ በአዲስ ሊተኩ ይችላሉ። እኔም መቃኞ ለዘላለም ይኑር አላልሁም፤ መቃኞ የሚሠራው መቅደሱ ተረጋግቶ እንዲታነጽ ነው፤ ጊዜ ያገኘ አናጢም ጳጉሜንን አይረሳም።

የምንኖርበት የነፋስ ስልክ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው አባቶቻችን ሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ «የነፋስ ስልክ» ብለው ከሰየሙበት ዘመን ነው። ያ መሣሪያ አልፎ በምትኩ ሌላ፣ በዚያም ምትክ ሌላ መጥቷል፤ መልእክቱ ግን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተሻገረ ቀጥሏል። ለኃላፊዎች የማቀርበው ልመናም ትንሽ ነው፤ የጨረታው ሰነድ ከመታተሙ በፊት፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ አንድ ጤነኛ ማሽንና ሥራውን የሚያውቀው ያ ወጣት ይመደቡ፤ ቅጂው ይወሰድ፤ ለአንድ ወር አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሥሩ፤ የሁለቱም መልስ አንድ መሆኑ ይመርመር።

ያን ቀን ሲስተሙ የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እናቲቱ ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ስማቸው በትክክል መጻፉን ፊደል በፊደል ካዩ በኋላ፣ አጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። ሲስተሙ አሮጌ ይሁን አዲስ አልጠየቁም።