ቆሞ የከረመ ሞተር በአዲስ ዋጋ አይገዛም

(ርዕሰ አንቀጽ)

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃ ቦይ፣ ስለ ጥበቃ ተራና ስለ መዋጮ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል ግዢ ነው። ጉዳዩ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ግን ሞተር የሚገዛበት ገንዘብ የዕቁብ፣ የብድርና የዘመድ መዋጮ ስለሆነ፣ ሲባክን የሚባክነው የሰፈሩ ገንዘብ ነው።

አንዲት እናታችን የዕቁብ ዕጣ ወጣላቸውና ለልጃቸው መሥሪያ የሚሆን ሞተር ሊገዙ ወደ መሸጫ ሄዱ። ሻጩም፣ «እናቴ፣ ይኸው አዲስ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ማንም አልነዳውም። እሳቸውም የተጠየቁትን ቆጥረው ከፈሉ። ሊብሬው ሲወጣ ግን ሞተሩ የተሠራው ከሦስት ዓመት በፊት ሆኖ ተገኘ። ባትሪውም በሁለተኛው ወር አልነሣም አለ። ልጁ ነገ ልሽጠው ቢል ገዥ አስቀድሞ የሚያየው ሊብሬውን ነው። ሲገዙ ያልተቀነሰላቸው ዕድሜ ሲሸጡ ይቀነስባቸዋል ማለት ነው።

ሻጩን ሌባ ነው አንልም። አልዋሸም፤ ዕድሜውንም የጠየቀው የለም። ጥፋቱ «አዲስ» የሚለውን ቃል ሰምተን ዝም ማለታችን ላይ ነው። ያልተነዳ ሁሉ አዲስ አይደለም። ያልተነዳ ግን ቆሞ የከረመ የሚባል ዕቃም አለ፤ ዋጋውም ሌላ መሆን አለበት።

በሌላው አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የአዲሱ ዓመት ሞዴል ሲመጣ የአምናው ሳይሸጥ የቀረ ሞተር ዋጋው ይቀነሳል። አንዳንዴም ፋብሪካው ራሱ ለሻጩ ድጎማ ይሰጣል። ዐዋቂ ገዥ ብርዱ ገብቶ ገበያው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ነገሩ ሲገለበጥ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። በአሮጌው ምንዛሪ ገብቶ ከጓሮ የቆመ ሞተርም ዋጋው አብሮ ወጣ። ሻጩ «በድሮው ዋጋ ብሸጥልህ በገንዘቡ ሌላ ማስመጣት አልችልም» ይላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ መልስ ግን አለው። የቆመው ሞተር በየወሩ የቤት ኪራይ ይበላል፤ በብድር የመጣ ከሆነም የባንክ ወለድ ይቆጥራል። ጎማው ይደርቃል፤ ባትሪው ይሞታል። ከጎኑ አዲሱ ቀለም ሲደረደር ደግሞ እሱን የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል። ስለዚህም ከሻጭ ጋር ስንነጋገር ልመና ላይ አይደለንም። እሱም ከዚያ ዕቃ መገላገል ይፈልጋል።

ለመከራከር ግን አስቀድሞ ዕድሜውን ማወቅ ያሻል። አንደኛ፣ ሻጩ «የ2017 ነው» ቢል በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠየቅ። በእኛና በአውሮፓውያን መካከል የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ በዚህ ብቻ የተሳሳቱ አሉ። ሁለተኛ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይነበብ። ከ17ቱ ፊደላትና ቁጥሮች 10ኛው በብዙ ፋብሪካዎች የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024 ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ሁሉም ፋብሪካ ይህን ስለማይከተል ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ማመሳከር ነው። ሦስተኛ፣ ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ተቀርጿል። 2322 የሚል ከሆነ በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ሞተሩን ጠርገው ቢያብረቀርቁት እንኳ ይህቺ ቁጥር አትጠረግም።

ዕድሜው ከታወቀ በኋላ ወደ ዋጋ። ከአንድ ቤት ብቻ ጠይቆ መክፈል ይቅር፤ ቢያንስ ከሦስት ቤት ፕሮፎርማ ይያዝ። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ይህ ሳይጠየቅ የተነገረ ዋጋ ዋጋ አይባልም፤ ርካሽ መስሎ ኋላ መክፈያው ላይ የሚያብጠው እሱ ነውና። ኪሳችን ያለውን ገንዘብ አስቀድመን አንናገር። «ስንት አለህ?» ለሚል ሻጭ መልሱ «መጀመሪያ የመጨረሻህን ንገረኝ» ነው።

ዝም ብሎ «ቀንስ፣ ቀንስ» ማለትም ብዙ አያስኬድም። ምክንያቱን ቆጥሮ ማቅረብ ይሻላል፦ ባትሪው ይህን ያህል ዘመን ቆሟል፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይኸው፤ ጎማው ደርቋል፣ የጎማ ዋጋ ይኸው፤ በሊብሬው ላይ ሁለት ዓመት አርጅቷል፣ ስሸጠው የማጣው ይኸው። ሻጩ «ዋጋው ቁርጥ ነው» ካለም በዕቃና በአገልግሎት ይካስ። አዲስ ባትሪ፣ ሄልሜት፣ የመጀመሪያዎቹን ሰርቪሶች በነፃ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ መለዋወጫ ይጨምርልን ማለት ይቻላል። ብሩን ቀንስ ሲሉት ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ዕቃ ጨምር ሲሉት እሺ ሊል ይችላል። ጊዜም ይረዳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅና በዚያ ሰሞን ቆጠራ ስላለ፣ ሳይሸጥ የከረመ ዕቃ ለሻጩ ዓይኑ ላይ የሚቆመው ያኔ ነው። ካልተስማሙ አመስግኖ መውጣት ነውር አይደለም። ስልክ ትቶ መውጣት፣ በሦስተኛው ቀን መመለስ የገበያ ወግ ነው። ስድብና ጩኸት ግን ዋጋ ቀንሶ አያውቅም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚሉ ይገጥማሉ። ይህ ቅናሽ አይደለም። ያለ ሙሉ ደረሰኝና ያለ ጉምሩክ ወረቀት ስም ማዛወር ጣጣ ነው፤ ዕቃው ቢበላሽም የምንከራከርበት ማስረጃ አይኖረንም። በደረሰኙ ላይ ከከፈልነው ያነሰ ብር እንዲጻፍም አንፍቀድ።

ከመክፈል በፊት ሞተሩ በቀዝቃዛው ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ፣ ሌላ ቀን ማለዳ መመለስ ነው። ለረዥም ጊዜ በካርቡሬተር ውስጥ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ስለዚህ ታንኩና ካርቡሬተሩ ይጽዳ፤ የሞተር ዘይቱና የፍሬን ዘይቱም በሻጩ ወጪ ይቀየር። ጤነኛና የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች የወረደውን አለመቀበል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ ደግሞ የባትሪው ዕድሜ ከሁሉ ይቀድማል። የዋጋው ትልቁ ክፍል እሱ ነው፤ ሳይነዳም ያረጃል። ዋስትናው ሞተሩ አገር ከገባበት ሳይሆን እኛ ከተረከብንበት ቀን እንዲቆጠር በጽሑፍ ይስፈር። ሞዴሉ መመረት ካቆመም መለዋወጫው ገበያ ላይ እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሕጉም ከገዥ የሚፈልገው ነገር አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። በዚያው ልክ ገዥ ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ሁለት ወር ዝም ብሎ ከርሞ መጮህ ነገሩን ያከብደዋል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቆሞ የከረመ ሞተር አትግዙ አላልንም። እንዲያውም ዕድሜው ታውቆ፣ በዕድሜው ልክ ተቀንሶ፣ የደረቀው ተቀይሮ ከተገዛ ለሠርቶ አደር ወጣት ጥሩ ዕቃ ነው። ቀለሙ የአምና ቢሆን ዳቦ ከማድረስ አይከለክለውም። የምንቃወመው የአምናውን በዘንድሮ ዋጋ መግዛትን ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን ይጠይቃል። ሞተር ለመግዛት ያሰበ ነዋሪ ብቻውን ገንዘብ ቋጥሮ አይሂድ። በሰፈራችን የሞተር መካኒኮች አሉ፤ ሻንሲ ማንበብና ፕሮፎርማ ማመዛዘን የሚችሉ ወጣቶችም አሉ። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚገዛ ከሆነም ከአንድ ሻጭ በጋራ መደራደር ይቻላል፤ ለአንድ ሞተር «ቁርጥ ነው» ያለ ሰው ለአራት ሞተር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በመጪው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ፣ ለመግዛት ያሰባችሁም የሞተር ዕውቀት ያላችሁም ከዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ፊት ለፊት ቆዩ። ከላይ ያነሣናቸው እናታችንም መጥተው የደረሰባቸውን በራሳቸው አንደበት እንደሚነግሩን ቃል ሰጥተውናል። ለምን እንደሚመጡ ስንጠይቃቸው «የእኔ አንዴ ሄዷል፤ የሌላው ልጅ እንዳይሄድ ብዬ ነው» አሉን።