ከሽንሻኖው በፊት የውሃው ወሰን ይሰመር

የሱሉልታን ሜዳ በጥር ያየና በነሐሴ ያየ ሰው ስለ አንድ ቦታ የሚያወሩ አይመስሉም። በጥር ሣሩ ቢጫ ነው፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ሯጮች በማለዳ ይለማመዱበታል። በነሐሴ ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ጎርፍ ተኝቶበት ሐይቅ ይመስላል፤ ከውሃው በላይ የሚታየው የሣሩ ጫፍ ብቻ ነው። ቀያሽ መሣሪያውን ተሸክሞ የሚወጣው ግን መንገዱ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የበጋው ሜዳ ይሆናል፦ ደልዳላ፣ ለአስፋልት ቅርብ፣ ቤት ያልተሠራበት፣ በአጭሩ «ባዶ መሬት»።

የቤት ጥያቄው እውነተኛ ነው። የደመወዙን ግማሽ ለአከራይ አስረክቦ ወሩን በብድር የሚገፋ የአዲስ አበባ ሰው፣ ዕቁብ ጥሎ ወይም በማኅበር ተደራጅቶ ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ሱሉልታ ቅርብ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል። ከተማ መስፋቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የምቃወመው ረግረጉን እንደ ትርፍ መሬት መቁጠሩን ነው።

ይህ ጨፌ ሥራ ያለው መሬት ነው። ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ ወደ ሙገር ይለቃል፤ ሙገርም ወደ ዓባይ። በሱሉልታ ዙሪያ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኝ አንዲት ዝይም ትኖርበታለች። ሰውነቷ ግራጫማ ቡናማ ነው፤ ስትበር ብቻ ክንፏ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ይገለጣል። ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ሣር የምትግጠው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ እንቁላሏን የምትጥለውም መሬት ላይ፣ ሣር መካከል ነው። መሬት ላይ የሚፈለፍል ወፍ ከግቢ ውሻና ከመንገድ መብራት ጋር ጎረቤት ሆኖ አይዘልቅም። ጉሮሮዋ ቢጫ ሆኖ በጥቁር መቀነት የተከበበ፣ የአገራችን ብቻ የሆነች ሌላ ወፍም እዚያው ሜዳ ላይ አለች።

አንዲት ደግሞ ከሜዳው የጠፋች ትመስላለች። ትንሿ ባለነጭ ክንፍ የረግረግ ወፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሱሉልታ ላይ ተመዝግባ ነበር። ዛሬ በአገራችን የምትራባበት ዋነኛው የታወቀ ቦታ ሆለታ አካባቢ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው፤ በዓለም ደረጃም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመድባለች። የበርጋ ገበሬዎች ከአገር በቀል የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው ረግረጉን ሲጠብቁ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ወፏን ለማዳን ሰውን መጉዳት ግድ እንዳልሆነ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም።

የወፍ ነገር የማያሳስበው ሰው ካለ ስለ ቤቱ ያስብ። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። የከርሰ ምድር ውሃው በክረምት እስከ ላይ ስለሚመጣ ሴፕቲክ ታንኩ በዝናቡ ወራት በውሃ ይሞላል፤ የሚወጣው ፍሳሽም ከጎረቤቱ የጉድጓድ ውሃ ይደርሳል። ባለቤቱ በአሥር ሲኖትራክ ገረጋንቲ አስደፍቶ ግቢውን ከፍ ሲያደርግ ውሃው አይጠፋም፤ ዝቅ ብሎ ወደተሠራው፣ ማለትም አቅም ወደሌለው ሰው ቤት ይሄዳል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግምገማው ግን በአብዛኛው የሚሠራው ለአንድ ፕሮጀክት ነው፤ ፋብሪካ ሲመጣ፣ ትልቅ ግንባታ ሲመጣ። ሁለት መቶ ካሬ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ለብቻው ሲታይ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው መቶው ጎን ለጎን ሲቆም ነው፤ ያንን ድምር ደግሞ በየግል ፈቃዱ ላይ የሚደምረው የለም። ድምሩ የሚታየው ፕላን ሲወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቡም፣ ክርክሩም፣ ጥናቱም እዚያ ጋ መሆን አለበት፤ መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ፣ አንድም ካርታ ሳይሰጥ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ውሃው በነሐሴ የደረሰበት ጫፍ ይለካ፤ ከዚያ ወጣ ያለ መተንፈሻ ይተውለት፤ መስመሩ ፕላኑ ላይ ይስፈርና ከዚያ በታች ሽንሻኖ አይግባ። ቤቱ ከፍ ወዳለው ወገብ ይሂድ። በአንድ ቤተሰብ አንድ ግቢ እያሉ ሜዳ ከመጨረስ ይልቅ ወደ ላይ ይሠራ፤ አራትና አምስት ፎቅ ያለው የማኅበር ቤት ስንቱን ቪላ መሬት ይተካል። በበጋ ከብቱን ጨፌው ላይ የሚያሰማራው ገበሬም መሬቱን አሳልፎ ሳይሸጥ ከከተማው የሚጠቀምበት መንገድ ይፈለግለት፤ ወተቱን የሚገዛው እኮ ይኸው ከተማ ነው።

በጊዜው ያልተሰመረ ወሰን ኋላ በግሬደር ሲሰመር አይተናል። ያን ጊዜ የሚፈርሰው የሸጠው ደላላ ቤት አይደለም፤ የፈረመውም ባለሥልጣን አይደለም ከነልጆቹ ሜዳ ላይ የሚቀረው።

የሸገር ከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ በመጪው ነሐሴ ቦት ጫማችሁን አድርጉና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱት። እዚያ ቦታ ለመግዛት ያሰባችሁም፣ ደላላው የቱንም ያህል ቢያጣድፋችሁ፣ ቦታውን በክረምት በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።